ግቢዎ ውስጥ የማያውቁት ወፍ ቢያዩ

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ በግቢዎ ዛፍ ላይ ከድንቢጥ ብዙም የማይተልቅ፣ ገላው አመድማ፣ አናቱ ላይ ጥቁር ቆብ የደፋ የሚመስል ወፍ ካዩ ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል። እኔም በታኅሣሥ ወር አዲስ አበባ በሚገኘው ግቢዬ፣ ወይራው ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። በሳይንስ ስሙ ሲልቪያ አትሪካፒላ ይባላል፤ ለዚህ ጽሑፍ «ባለ ጥቁር ቆቡ» ልበለው። ሕግ የተማረ ሰው ማንነትን ያለ ማስረጃ አይቀበልምና ማስረጃዎቹን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ቀኑ

የውጭ መጻሕፍት «የክረምት ወፍ» ሲሉ ሐምሌና ነሐሴያችንን ማለታቸው አይደለም። የእነርሱ ብርዳማ ወቅት የእኛ በጋ ነው። ይህ ወፍ የሚራባው አውሮፓ ውስጥ ሲሆን፣ ቅዝቃዜው መጥቶ ነፍሳት ሲጠፉበት ሌሊት ሌሊት እየበረረ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ስለዚህ «በሐምሌ አየሁት» የሚል ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ይገባዋል።

ገላው

ቀለም ብቻውን ያሳስታል። ቆቡ ጥቁር የሚሆነው የወንዱ ነው፤ የሴቷና የጫጩቱ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ሁለት ዓይነት ወፍ የመሰለዎት ባልና ሚስት ሊሆኑ ይችላሉ። ቆቡ ዓይን ላይ ሲደርስ ያበቃል፤ ጉንጭና ጉሮሮ አመድማ ናቸው። ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ምንቃሩ ቀጭን ነው።

በየግቢያችን የለመድነው ቡልቡል ከእርሱ ይተልቃል፣ ጥቁረቱም ፊቱንና ጉሮሮውን ይሸፍናል። ሌላው ባለ ጥቁር ራስ የደጋችን ወፍ ሲስኪን ደግሞ ገላው ቢጫ፣ ምንቃሩም ለጥራጥሬ የተሠራ አጭርና ወፍራም ነው። እንግዳው ቅጠል ውስጥ መደበቅ ስለሚወድ ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ሁለት ጠጠር ሲጋጩ የሚመስለው ድምፁ ነው።

መንገዱ

ከመካከለኛው አውሮፓ በስተ ምዕራብ የሚኖሩት ወደ ስፔን አቅጣጫ ይጓዛሉ፤ በስተ ምሥራቅ ያሉት ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አቅንተው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይመጣሉ። ጀርመናዊው ተመራማሪ አንድሪያስ ሄልቢግ ሁለቱን ወገኖች አዳቅሎ ልጆቹ የወላጆቻቸውን መካከለኛ አቅጣጫ እንደያዙ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አሳይቷል። ጫጩቱ ወደ እኛ የሚያመጣውን አቅጣጫ ከወላጆቹ ይወርሳል ማለት ነው።

ሕጉና ግቢያችን

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወፎችንም ይመለከታል። በ1979 እ.ኤ.አ. ቦን ላይ የተፈረመው የስደተኛ የዱር እንስሳት ስምምነትም ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገራችንን ያስገድዳል። ነገር ግን አዋጅ ዛፍ አይተክልም። ክብደቱ ከ20 ግራም ብዙም የማይበልጥ መንገደኛ ለመልሱ ጉዞ ስብ የሚያከማቸው ከነፍሳትና ከፍሬ ነው። ግቢያችንን ጥግ እስከ ጥግ ሲሚንቶ ስናለብሰው ስንቁን እየነጠቅነው ነው። ወንጭፍ ከያዘ ልጅ ይልቅ የሚያሰጋኝ ይህ ነው፤ ልጁ አንድ ወፍ ይመታል፣ ሲሚንቶው ግን ከዓመት ዓመት የሚመጡትን ሁሉ ያስርባል።

እንግዳ ወፍ ያየ ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተቀመጠበትን ዛፍ ይጻፍ፤ ከቻለም ፎቶ ያንሳ። ኢበርድ የተባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ የማንንም ሰው ምስክርነት ይቀበላል። ከዚያ በፊት ግን ወይራውን አለመቁረጥ ይቀድማል።