ከጥርጊያ እስከ አስፋልት፦ የወልድያና የመርሳ ጎዳና እና የብስክሌት ነጂው ደኅንነት

(በታሪክ ትምህርት ክፍል ወርኃዊ የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ንግግሬን ከራሴ ትዝታ ልጀምር። ልጅ ሳለሁ መርሳ ላይ ብስክሌት በሩብ ሰዓት ሒሳብ ይከራይ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አብሮ አደጌ ተራው ደርሶ ከመንደር ውስጥ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ከብስክሌቱ ፍሬኖች የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር። ከወልድያ በኩል ይወርድ የነበረ የጭነት መኪና ገጨው። ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ እግሩ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ በወጉ ታጥፎ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፦ «ልጁ አስፋልት ላይ ምን ይሠራል?»

ዛሬ በታሪክ ተመራማሪነቴ ያንን ጥያቄ ገልብጬ ላነሣው እወዳለሁ። አስፋልቱስ በገበያችንና በደጃችን መካከል ምን ይሠራል? ማን አመጣው? ለማንስ ተሠራ?

ከመኪና በፊት የነበረው የየጁ መንገድ የእግረኛ፣ የበቅሎና የአህያ መንገድ ነበር። ወልድያም በደጋና በቆላ መካከል የተቀመጠች የንግድ ከተማ ናት። በዚያ መንገድ ላይ ፈጣኑ ፈረሰኛ ቢሆን እንኳ ሰው ሲያይ ልጓሙን ይስባል። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ነድቶ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ይህ አካባቢ ለመኪና የሚሆን መንገድ ገና አላየም ነበር።

ለውጡ የመጣው ከወረራ ጋር ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ሲይዝ አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን ጎዳና በአላማጣ፣ በቆቦ፣ በወልድያ፣ በመርሳና በደሴ በኩል ሠራው፤ «የድል መንገድ» ብሎም ሰየመው። የማን ድል እንደሆነ ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ጎዳናው የተቀየሰው ወታደርና ስንቅ የጫነ የመኪና ሰልፍ ሳይቆም እንዲያልፍ ነው። ለእግረኛ፣ ለልጅ፣ ለከብት ወይም ለብስክሌት የታሰበ ስፍራ አልነበረውም።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ መንገዱ ቀረ። ከመንገዱ ጋር ቋንቋውም ቀረ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ጎሚስታ፣ ፍሬቻ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ሽማግሌዎቻችን «ኤንትሬ» የሚሉት የፊያት መኪናም ለብዙ ዘመን የዚህ ጎዳና ጌታ ነበር። የማሽኑን ስሞች ሁሉ ወረስን፤ ማሽኑንና ሰውን የሚያስማማ የመንገድ ሥርዓት ግን አብሮ አልመጣልንም።

ከዚያ በኋላ ከተሞቹ ወደ መንገዱ ተጠጉ። ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ አስፋልቱን ተከትሎ ተሰለፈ። መርሳ የሀብሩ ወረዳ መዲና ሆና ስታድግ ያው የሠራዊት ማለፊያ ዋና መንገዷ ሆነ። በደርግ ዘመን ደግሞ በቻይናውያን ርዳታ ከወልድያ በደብረ ታቦር በኩል ወረታ የሚደርሰው መንገድ ተሠራ። እነሆ ወልድያ መስቀለኛ ከተማ ሆነች፤ ከደጋ የሚወርደው ከባድ መኪና ረጅሙን ቁልቁለት ጨርሶ፣ ፍሬኑ እንደ ጋለ፣ ከከተማው ሕዝብ ጋር ይቀላቀላል። ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ባጃጅ ሲጨመር የብስክሌት ነጂው ስፍራ ይበልጥ ጠበበ።

አንድ የተረሳ ነገር ላስታውስ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ተፈጥሯዊ የሚመስለን «ቀኝህን ይዘህ ሂድ» የሚለው ሕግ ዕድሜው የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። የመንገድ ሥርዓት ከሰማይ አልወረደም፤ ሰዎች ይደነግጉታል፤ ሰዎችም ሊለውጡት ይችላሉ።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ እነገረመው ደንቦባ በብስክሌት ወክለዋታል። በዚሁ የሰሜን ጎዳና ላይ ያለችው መቐለ ያፈራችው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የብስክሌት ከተማ የምትባለውም ባሕር ዳር ከእኛው ክልል ናት።

«ሰው መኪና ካበዛ ብስክሌት ማለቁ አይቀርም» ለሚሉ የሆላንድን ታሪክ እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 በዚያች አገር በመንገድ አደጋ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናቱ ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ። ዛሬ የምናደንቀው የብስክሌት መንገዳቸው የዚያ ትግል ፍሬ ነው። በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መሪ ቃል ከመኪና ነፃ ቀን ተጀምሯል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ወጥቷል። ስትራቴጂው ግን ወረቀት ነው፤ ወረቀት መኪና አያቆምም።

እስከዚያው በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ወጣቶች ነገም ትነዳላችሁ። ስለዚህ ጥቂት ምክር ልጨምር። በቀኝ በኩል ንዱ፤ ነገር ግን የአስፋልቱን ጠርዝ ጨርሳችሁ አትጠጉ፤ ጠርዙ የተሸራረፈ ነውና ድንገት ወደ መሀል ያስወጣችኋል። በከባድ መኪና ቀኝ ጎን ገብታችሁ አትቁሙ፤ ሾፌሩ በዚያ በኩል ያለውን አያይም፤ ሲታጠፍም የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ባጃጅ ተሳፋሪ ሲያይ ድንገት እንደሚቆም አስባችሁ ርቀት ጠብቁ። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ መርሳ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ባመዛኙ ቁልቁለት ነው። ሳትወርዱ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ፈትሹ። ሲመሽ ከፊትም ከኋላም መብራት ይኑራችሁ፤ የራስ ቁርም አድርጉ።

ሆኖም ሸክሙን ሁሉ በነጂው ትከሻ ላይ መጣል ያ የሰፈራችን ሰው የፈጸመውን ስሕተት መድገም ነው። የመኪና ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳና 60 የሚነዳ ሾፌር በልጅ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አይወዳደርም። ፍጥነትን በከተማ መግቢያ ላይ የሚገታው ደግሞ የልጁ ጥንቃቄ አይደለም፤ የመንገዱ አሠራርና የሕጉ ጽናት ነው።

አብሮ አደጌ ዛሬም መርሳ ውስጥ አለ፤ በዓል ሲሆን እንገናኛለን። ልጁን ብስክሌት እንዳይነዳ ከልክሎታል። አባትነቱን አከብራለሁ፤ ነገር ግን አንድ ከተማ ልጆቿን የምትጠብቀው ከመንገድ በመከልከል ብቻ ከሆነ መንገዱ ዛሬም የእኛ አልሆነም። ወራሪ ለሠራዊቱ የቀየሰውን ጎዳና ከሰማንያ ዓመት በላይ ሳንከልሰው ኖረናል። ቀጣዩ የአስፋልት እድሳት ሲመጣ ጥቂት ስፋት ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲለይ መጠየቅ የእናንተ ትውልድ ድርሻ ነው።