የታጠነ ጋን

ስለ ጠላ ሲወራ ጌሾውና ብቅሉ ይነሳሉ እንጂ የጋን አጣቢዋንና የማጠቢያዋን ነገር ማን ያነሳዋል? ጥሩ ጠላ ግን የሚጀምረው ከጥንስሱ በፊት፣ ባዶው ጋን ሲታጠብ ነው።

የማጠቢያው መሣሪያ ከጓሮ አያልፍም ነበር። ግራዋ ይቀነጠስና የጋኑ ሆድ ይፈተግበታል፣ ይለቀለቃል፣ እንደገና ይፈተጋል። ግራዋ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ ሻካራ ስለሆነም የከረመውን አተላ ከሸክላው ላይ ይፍቃል። እኛ ቤት ለእንስራው ጠባብ አፍ የሚመረጠው የእኔ የልጅ እጅ ነበር። መራራነቱ እስከ ማታ ከጣቴ አይለቅም፤ የራት እንጀራዬ ሁሉ ግራዋ ግራዋ ይለኝ ነበር።

ቀጥሎ እጥነቱ ነው። የወይራ ስንጥር ፍም ላይ ይደረግና ጋኑ ይደፋበታል። በጥንጁት የሚያጥኑም አሉ። ይህ ለመዓዛ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ሸክላ እጅም ቅጠልም የማይደርስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ጠላ የሚያኮመጥጡት ተሕዋስያን የሚሸሸጉት እዚያ ነው። ሙቀቱና ጭሱ ግን እዚያ ድረስ ይዘልቃሉ።

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ቢራን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት መሆናቸውን በሰፊው የተነተነበትን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1876 ነበር። (ሰውየውን ወደ ቢራ ጥናት የገፋፋው በ1870 በተጀመረው ጦርነት አገሩን ድል ያደረገችውን ጀርመንን በቢራ የመብለጥ እልህ ነው። እልህም አንዳንዴ ለሳይንስ ይጠቅማል!) የእኛ እናቶች ነፍሳቱን አላዩም፤ ያዩት የኮመጠጠ ጠላ ነው። ጠላ ሸጣ ልጆች ለምታሳድግ ሴት አንድ ጋን ተበላሸ ማለት የእህሉ ዋጋ ቀለጠ፣ ደንበኛውም ወደ ጎረቤት ሄደ ማለት ነው። እጥበቱን ያጠበቀው ይኸው ስጋት ነው።

በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ ሲቋቋም ጋኑ ከቦታው አልተነቃነቀም። ከከተማው ጓዳ ያስወጣው ቢራው ሳይሆን የፕላስቲክ በርሜል ነው። በርሜሉን የመረጡትን ሴቶች አልወቅስም፤ ይቀላል፣ ወድቆ አይሰበርም፣ ወይራም አያስገዛም። ነገር ግን ፍም ላይ ቢደፉት ይቀልጣል። ደግሞ ፕላስቲክ የያዘውን ነገር ሽታ ወደ ውስጡ ይስባል። ያገለገለ በርሜል ሲገዛ፣ ቀድሞ ምን ይዞበት እንደነበር ሻጩን የሚጠይቅ ስንቱ ነው? ያን ደግሞ ግራዋ ፈትጎ አያወጣውም።