ሮዝ ዲያግራም

ሮዝ ዲያግራም አቅጣጫን በክብ ላይ የሚቆጥር ሥዕል ነው። ክቡ ከሰሜን ተነሥቶ፣ ለምሳሌ በየ10 ዲግሪው ይከፈላል፤ በአንድ ክፍል ውስጥ የወደቀው ልኬት በበዛ ቁጥር የዚያ ክፍል ቅጠል ይረዝማል። የነፋስና የመሬት ስንጥቅ አጥኚዎች አብዝተው ይጠቀሙበታል።

ለአቅጣጫ ልኬት ተራ አማካይ አይሠራም። 350 እና 10 ዲግሪ ሁለቱም ወደ ሰሜን ያመለክታሉ፤ ደምረን ለሁለት ስናካፍላቸው ግን 180፣ ማለትም ደቡብ ይወጣል!

ፖል ዌሰልና ዋልተር ስሚዝ የጀመሩት ጂኤምቲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሮዝ ዲያግራምን በአንድ መስመር ትዕዛዝ ይሠራል። ትዕዛዙ ራሱ «ሮዝ» ይባላል፤ ከትዕዛዙ በኋላ የሚጻፉት ሰረዝና «ኤ» እያንዳንዱ ክፍል ስንት ዲግሪ እንደሚሆን ይወስናሉ። እኔ ከሁሉ የምወደው ሰረዝና «ቲ»ን ነው። ነፋስ መነሻና መድረሻ አለው፤ የስምጥ ሸለቆአችን ስንጥቅ ግን መስመር ብቻ ስለሆነ 30 ዲግሪም 210 ዲግሪም ቢባል ያው ነው። «ቲ» እያንዳንዱን ልኬት በሁለቱም አቅጣጫ ይቆጥርልናል። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ዳር ያሉት ትልልቅ ስንጥቆች ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲዘረጉ፣ በወለሉ ላይ ያሉት የወንጂ ስንጥቆች ደግሞ ወደ ሰሜን ይበልጥ ይጠጋሉ፤ ልዩነቱ በሥዕሉ ላይ ወዲያው ይታያል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። የቅጠሉ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ዓይን ደግሞ ስፋትን ያያል። ስለዚህ ቁጥሩን የሚወክለው ርዝመቱ ይሁን ስፋቱ፣ ከጠቅላላው የልኬት ብዛት ጋር ከሥዕሉ ግርጌ ይጻፍ።