ጣትና ዶቃ፤ ከሰላት በኋላ የሚባለው ዝክር አቆጣጠር

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ድርቅ ከጎዳው ከወሎ ተነሥተው በጋምቤላ እንዲሰፍሩ ከተደረጉት ገበሬዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ከፊሎቹ የሰፈሩት በአኙዋክ ምድር፣ በአቦቦ አካባቢ ሲሆን፣ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የታቀደው የአልዌሮ ግድብም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ከብቱንና መሬቱን ጥሎ የሄደ ሰው ከማይጥላቸው ነገሮች አንዱ የጸሎት ልማዱ ነው፤ ከሰላት በኋላ የሚባለው ዝክርም ከዚሁ ይመደባል። የዐረብኛው «ዚክር» ከግዕዙ «ዘከረ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ሆኖም ክርስቲያኑ ዝክር ሲል ድግሱ ሲታየው፣ ሙስሊሙ የሚያስበው የልብንና የምላስን ሥራ ነው።

ዝክሩ ራሱ ከስደተኞች ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ከመካ ወደ መዲና የተሰደዱ ድኾች ወደ ነቢዩ ሙሐመድ ቀርበው፣ ባለጸጎች እንደነርሱ እየሰገዱና እየጾሙ ከዚያም በላይ ከገንዘባቸው እየመጸወቱ በዋጋ እንደበለጧቸው አመለከቱ። የተሰጣቸውም መልስ ከየሰላቱ በኋላ «ሱብሓነላህ»፣ «አልሐምዱሊላህ»፣ «አላሁ አክበር» እያሉ እያንዳንዱን 33 ጊዜ እንዲያደርሱ ነበር። ባለጸጎቹ ይህንኑ ሰምተው እነርሱም ያደርጉት ጀመር፤ ድኾቹ ዳግመኛ ቢያመለክቱ፣ ይህ አላህ ለፈቀደው የሚሰጠው ችሮታ ነው ተባሉ።

ቍጥሩ ግን በአንድ መንገድ ብቻ አልተላለፈም። በአቡ ሁረይራ ዘገባ ድምሩ 99 ሆኖ መቶኛው በአንድነት ምስክርነት ቃል ይሞላል፤ በከዕብ ኢብን ዑጅራ ዘገባ የመጨረሻው 34 ጊዜ ስለሚባል መቶው በዚያው ይሞላል። ሦስቱን ዐሥር ዐሥር ጊዜ የሚያደርግም አለ። እጅግ የሚያስገርመው በሙስሊም የሐዲስ መድበል የሚገኘው የሱሀይል አተረጓጎም ነው፤ እርሱ 33ቱን ለሦስቱ ቃላት አከፋፍሎ 11፣ 11፣ 11 አድርጎታል።

ስለ መሣሪያው የተላለፈው ጥንታዊ ምስክርነት የእጅ ነው። ዐብደላህ ኢብን ዐምር ነቢዩን በእጃቸው ሲቆጥሩ እንዳያቸው ሲናገር የተጠቀመበት «ዐቀደ» የሚለው ግስ «ቋጠረ» ማለት ነው። የጥንት ዐረብ ነጋዴም ጣቶቹን በማጠፍ ሲቆጥር፣ በሦስቱ ትንንሽ ጣቶች አሐዱን፣ በሌባ ጣትና በአውራ ጣት ዐሥሩን እየያዘ፣ በቀኝ እጁ ብቻ እስከ 99 ይደርስ ነበር። ዛሬ ከሚሠራባቸው ቀላል መንገዶች አንዱ በየጣቱ ሦስት ሦስት እየያዙ በሁለት እጅ 30 ማድረስና ሦስት መጨመር ነው። እንግዲህ በባዶ እጁ አቦቦ የደረሰ ሰፋሪ ለዚህ ዝክር የሚጎድለው ዕቃ አልነበረም።

ዶቃው ሌላ ታሪክ አለው። በቴምር ፍሬና በጠጠር ስለ መቁጠር የሚናገሩ ዘገባዎች ቢኖሩም፣ በክር የተሰካው ሱብሓ የተስፋፋው ዘግይቶ ነው፤ በ1505 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የሞተው የግብፁ ሊቅ አስሱዩጢ ስለ ሱብሓ መከራከሪያ የሚሆን አጭር ድርሰት ጽፏል። በወሎ የቃዲሪያ ጠሪቃ በጃማ ንጉሡ በሼህ ሙሐመድ ሻፊ ዘንድ ጸንቶ ነበር። የጠሪቃ ዊርድ በመቶ፣ አንዳንዴም በሺህ ስለሚቆጠር፣ ዶቃ የሚያስፈልገው በተለይ ለዚህ እንጂ ለ33ቱ አይመስልም። የክርስቲያኑ ጎረቤት መቁጠሪያም ባለ 41 ወይም ባለ 64 ፍሬ እንጂ ባለ 99 አይደለም።

በኢትዮጵያ ሙስሊሞች መካከል የተነሣው ክርክር ይህን ልዩነት አዘውትሮ ይዘነጋል። ዶቃውን ቢድዓ፣ ማለት በሃይማኖት ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር፣ የሚሉት ጣቶች በፍርድ ቀን ተጠይቀው ይናገራሉ የሚለውን የዩሰይራን ዘገባ ይጠቅሳሉ። ደጋፊዎቹም የነቢዩ ሚስት ሶፊያ በ4,000 የቴምር ፍሬ ስትቆጥር ተገኘች የሚለውን ያቀርባሉ፤ ነገር ግን በዚያ ዘገባ ነቢዩ ከዚህ የሚበልጥ ሌላ አነጋገር እንዳስተማሯት ብዙ ጊዜ አያነሡትም።