የኪራይ ኮምፒውተሮችና የሶፍትዌር ፈቃድ አስተዳደር በትላልቅ ተቋማት

በርካታ ሠራተኞች ያሏቸው ተቋማት ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮችን በግዢ ብቻ ሳይሆን በኪራይም ያገኛሉ። ኪራይ በአንድ ጊዜ የሚወጣውን ከፍተኛ ወጪ በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ወደሚፈጸም ክፍያ ይለውጣል፤ ጥገናውና የተበላሸውን መተካቱም በውሉ መሠረት የአከራዩ ኃላፊነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ኮምፒውተሩን መከራየት በውስጡ የተጫነውን ሶፍትዌር የመጠቀም መብት በራሱ አያስገኝም። ዕቃው በኪራይ ውል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ በፈቃድ የሚተዳደር ሲሆን፣ የሁለቱ መጀመሪያና ማብቂያ ብዙ ጊዜ አይገጣጠምም። ተገልጋዩ መስኮት ላይ ቀርቦ «ሲስተም የለም» የሚል ምላሽ ከሚያገኝባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ክፍተት ሊሆን ይችላል።

በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ መጽሐፍ ሁሉ ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ነው። ቅጂውን በሽያጭ ወይም በኪራይ ለሕዝብ ማሰራጨትም ከባለመብቱ ኢኮኖሚያዊ መብቶች አንዱ ነው። ለምሳሌ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ተጭኖ የሚመጣው ዊንዶውስ የፈቃድ ውል ሶፍትዌሩን ማከራየትን ይከለክላል። ስለዚህ አከራይ ድርጅት ከባለመብቱ የተለየ የማከራየት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ተከራዩ ተቋምም ውል ከመፈረሙ በፊት የፈቃዱን ማስረጃ መጠየቅና ቅጂውን ከውሉ ጋር ማያያዝ ይጠበቅበታል። «ሶፍትዌሩ አብሮ ተጭኗል» የሚል የቃል ማረጋገጫ ማስረጃ አይደለም። በተለምዶ «ክራክ» የሚባለው ሕገወጥ ቅጂ ደግሞ ከሕግ ተጠያቂነቱ ባሻገር ቫይረስና የመረጃ ስርቆትን ይዞ ሊገባ ይችላል።

ፈቃዶች በአሰራራቸውም ይለያያሉ። ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የተሸጠ የዊንዶውስ ፈቃድ ከዚያው ዕቃ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ በሌላ ሲተካ ፈቃዱ አብሮ አይዛወርም። እንደ ማይክሮሶፍት 365 ያሉት በተጠቃሚ ስም የሚሰጡ ሲሆን፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ለተተኪው ማዛወር ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ተቋሙ ማንም ለማይጠቀምበት ፈቃድ መክፈሉን ይቀጥላል።

የቀን አቆጣጠር ጉዳይ በአገራችን ልዩ ትኩረት ይሻል። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በመሆኑ የኪራይ ውሎች ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ይከተላሉ፤ የሶፍትዌር ፈቃድ ግን ከተገዛበት ዕለት ጀምሮ በጎርጎርዮሳዊ አቆጣጠር ይቆጠራል። በመዝገብ ላይ «03/04/2018» ተብሎ ብቻ የተጻፈን ቀን አንዱ ታኅሣሥ 3፣ ሌላው ከዓመታት በፊት ያለፈ ቀን አድርጎ ሊያነበው ይችላል። የወሩን ስም በፊደል መጻፍና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስፈር ይህን ያስቀራል። የማይክሮሶፍት 365 ክፍያ ሲቋረጥ የቢሮ ፕሮግራሞቹ ነባር ሰነድ ከማሳየትና ከማተም አልፈው አዲስ ደብዳቤ ማዘጋጀት ወይም ማረም አያስችሉም። ለውጭ አቅራቢዎች የሚፈጸም ክፍያ የውጭ ምንዛሪ ስለሚጠይቅ ዕድሳቱ ማብቂያው ከመድረሱ ወራት ቀደም ብሎ መጀመር አለበት።

የድጋፍ ማብቂያ ጊዜም እንዲሁ በውሉ ውስጥ ሊታሰብ ይገባል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተቋማት ቢበዛ ለሦስት ዓመታት የደኅንነት ማሻሻያ በክፍያ ማግኘት ቢችሉም ዋጋው በየዓመቱ በእጥፍ ይጨምራል። ዊንዶውስ 11ን ለመጫን ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል ስለሚያስፈልግ፣ ይህን የማያሟላ አሮጌ ኮምፒውተር በቅናሽ መከራየት ውሎ አድሮ ውድ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ለተገልጋዩ የሚያሳስበው ኮምፒውተሩ ለአከራዩ የሚመለስበት ዕለት ነው። የአመልካቾች ስም፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የሕክምና ወይም የግብር መረጃ በሃርድ ዲስኩ ላይ ሊቀር ይችላል። ፋይሎችን መሰረዝም ሆነ ዲስኩን በፈጣን መንገድ ፎርማት ማድረግ በቂ አይደለም፤ እንዲህ የጠፋ መረጃ በቀላል መሣሪያ ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። ዲስኩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መመስጠር፣ ሲመለስም በተገቢው ማጥፊያ ፕሮግራም ማጽዳት ወይም ዲስኩን አስቀርቶ ማውደም ያስፈልጋል። ለኤስኤስዲ ዲስኮች በአምራቹ የተዘጋጀውን የማጥፊያ ትዕዛዝ መጠቀም ይመረጣል። ዲስኩን የማስቀረት መብት በውሉ ካልተጻፈ ግን አከራዩ ንብረቱን የመጠየቅ መብት አለው፤ ይህ ድርድር ከፊርማ በኋላ ሳይሆን በፊት መደረግ ይኖርበታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን የሚይዙ ተቋማት ለደኅንነቱ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ስለሚያስገድድ፣ ዕቃው የሌላ ወገን ንብረት መሆኑ ተቋሙን ከኃላፊነት ነፃ አያደርገውም።

ይህን ሁሉ ለመከታተል ውድ ሥርዓት መዘርጋት የግድ አይደለም። የኮምፒውተሩ መለያ ቁጥር፣ የሚገኝበት ክፍል፣ የተጠቃሚው ስም፣ የተጫኑት ፈቃዶችና የሁለቱም ውሎች ማብቂያ በአንድ ረድፍ የሚታዩበት መዝገብ ለጅምሩ ይበቃል። ዋናው የንብረት፣ የፋይናንስና የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍሎች ለየብቻ መዝገብ መያዛቸውን ትተው ለአንዱ መዝገብ አንድ ኃላፊ መመደባቸው ነው። ለጽሕፈትና ለሠንጠረዥ ሥራ ብቻ በሚያገለግሉ ኮምፒውተሮች ላይ እንደ ሊብሬኦፊስ ያሉ ያለክፍያ የሚገኙ ፕሮግራሞችን መጠቀምም የፈቃድ ወጪን ይቀንሳል።

ተገልጋዮች በተቋም ኮምፒውተር ላይ ስለተያዘ የግል መረጃቸው አያያዝ ተቋሙን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ። የሶፍትዌር የቅጅ መብትን የሚመለከቱ ጥያቄዎች ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይቀርባሉ።