በቅንጣት ማፍጠኛ ውስጥ የሚፈጠር የኤሌክትሮን ደመና አለካክ

የኤሌክትሮን ደመና በቅንጣት ማፍጠኛ ቱቦ ውስጥ ሳይፈለግ የሚበዛ የኤሌክትሮኖች ክምችት ነው። በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው የሰርን ማፍጠኛ፣ የፕሮቶን እሽጎች በ25 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ልዩነት ይከታተላሉ። የሚያልፈው እሽግ ኤሌክትሮኖችን ወደ ቱቦው ግድግዳ ያስፈነጥራል፤ ግድግዳውም ሲመታ ሌሎች ኤሌክትሮኖችን ስለሚለቅ ቁጥራቸው በፍጥነት ይባዛል። በዚህም የፕሮቶኖቹ ጉዞ ይታወካል፤ ማግኔቶቹን ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሚያቆየው የማቀዝቀዣ ሥርዓትም ተጨማሪ ሙቀት ይሸከማል።

ደመናው በቀጥታ ስለማይታይ የሚለካው በሚያስከትለው ለውጥ ነው፤ ይኸውም በቱቦው ውስጥ በሚጨምረው የጋዝ ግፊት፣ በማቀዝቀዣው በሚመዘገበው ሙቀት፣ እንዲሁም ኤሌክትሮኖቹ ግድግዳው ላይ ሲያርፉ በሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ልኬቱ ማፍጠኛው ሳይታወክ ስንት እሽጎችን ማስተናገድ እንደሚችል ለመወሰን ያገለግላል።