ከቦምቤይ የተላከው ድርሳን፤ የጽሑፍ ላኪና ያለ ደመወዝ የሚመረምር ማኅበር ታሪክ (1845–1892)

መግቢያ

ለምርምር መጽሔቶች የሚላኩ ጽሑፎች በአብዛኛው የሚመረመሩት ለዚሁ ተግባር ደመወዝ በማይቈረጥላቸው ሰዎች ነው። መርማሪው የራሱ መደበኛ ሥራ አለው፤ የሌላውን ሰው ድካም የሚያነበው ከዕረፍት ሰዓቱ ቀንሶ ነው። በሌላው ወገን ጽሑፉን የላከው ሰው፣ ብዙ ጊዜም መምህር፣ ከማስተማር በተረፈው ጊዜ ለወራት የደከመበትን ሥራ አስረክቦ መልስ ይጠባበቃል። መልሱ ሲዘገይ ላኪው የተናቀ ይመስለዋል፤ ጥያቄው ሲደጋገም ደግሞ መርማሪው ውለታው የተረሳ ይመስለዋል። ይህን የመሰለውን ቅሬታ ለማብረድ ዘወትር የሚሰጠው ምክር «ታገሥ» የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትዕግሥት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያዋጣ በአንድ የሳይንስ ታሪክ መመርመር ነው። ታሪኩም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በህንድ አገር ያስተምር የነበረው ጆን ጄምስ ዋተርስተን ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የላከው ድርሳን የደረሰበት ዕጣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምርመራው ሥርዓት አመጣጥ

ሮያል ሶሳይቲ በ1660 የተመሠረተ የሊቃውንት ማኅበር ነው። አባላቱ ከማኅበሩ ደመወዝ የሚቀበሉ ሳይሆኑ እንዲያውም መዋጮ የሚከፍሉ ነበሩ። በማርች 1665 የማኅበሩ ጸሐፊ የነበረው ሄንሪ ኦልደንበርግ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለውን መጽሔት በራሱ ኃላፊነትና በራሱ ወጪ ማሳተም ጀመረ። በዚያን ጊዜ ምን እንደሚታተም የሚወስነው በተለይ አዘጋጁ ራሱ ነበር። በ1752 ማኅበሩ የመጽሔቱን ኃላፊነት ተረክቦ ጽሑፎችን የሚመርጥ ኮሚቴ አቋቋመ። በ1830ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ደግሞ፣ አንድ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ጉዳዩን ለሚያውቁ አባላት እየተላከ አስተያየታቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡበት የማድረግ ልማድ ተጀመረ።

የዚህ ልማድ የመጀመሪያ ሙከራ ራሱ ትምህርት ሰጪ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቁን የጆርጅ ኤሪን ጽሑፍ እንዲመረምሩ የተመረጡት ዊልያም ሁዌልና ጆን ላቦክ ነበሩ። ሁዌል የጽሑፉ ዋና ሐሳብና ጠቀሜታ ለአንባቢ ጐልቶ እንዲታይ ፈለገ፤ ላቦክ ግን በስሌቱ ውስጥ ያገኛቸውን ጉድለቶች አንድ በአንድ ማመልከት መረጠ። ሁለቱም በጋራ አስተያየት ለመስማማት ብዙ ተቸገሩ። መርማሪ የሚነሣው ካለው ሥራ ፍሬ ነው ወይስ ከጎደለው? ይህ ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከግምገማ ሥራ ተለይቶ አያውቅም።

የድርሳኑ አቀራረብና የተሰጠው ፍርድ

ዋተርስተን በ1811 በኤዲንብራ የተወለደ ስኮትላንዳዊ ነው። በመሐንዲስነት ከሠራ በኋላ በብሪታንያ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ውስጥ የባሕር ካርታ በሚዘጋጅበት ክፍል አገለገለ። በ1839 ወደ ቦምቤይ ሄዶ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የባሕር ኃይል ዕጩ መኰንኖች አስተማሪ ሆነ። ይህንን ሥራ የመረጠው ከማስተማሩ ጎን ለጎን ለምርምር የሚተርፍ ጊዜ እንዲያገኝ ነበር።

በ1843 ስሙን ሳይገልጽ በኤዲንብራ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ አእምሮ ተግባራት ነበር፤ ይሁን እንጂ ስለ ጋዞች ጠባይ የደረሰበትን አዲስ ሐሳብም በውስጡ አካተተ። የአእምሮን ነገር የሚሻ አንባቢ የጋዝን ነገር አልፈለገም፤ የጋዝን ጠባይ የሚመረምር ሊቅም በእንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ፊዚክስ ይኖራል ብሎ አልጠረጠረም። ሐሳቡ የመጀመሪያውን ዕድል ያጣው ማንም ሳይፈርድበት፣ ደራሲው ባስቀመጠበት ቦታ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ የተሻለ ዝግጅት የተደረገበት ነበር። ዋተርስተን ሐሳቡን በሰፊው ጽፎ ወደ ለንደን ላከ። የማኅበሩ አባል ስላልነበረ ድርሳኑ የቀረበለት አባል በሆነው በካፒቴን ፍራንሲስ ቦፎርት አማካይነት ነው። ጽሑፉ ዲሴምበር 11 ቀን 1845 ለማኅበሩ ደረሰ።

የድርሳኑ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነበር። ጋዝ በየአቅጣጫው በፍጥነት በሚሯሯጡ፣ እርስ በርሳቸውና ከዕቃው ግድግዳ ጋር በሚላተሙ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ ግፊት ማለትም የዚህ ግጭት ድምር ውጤት ነው። ሙቀት ከቅንጣቶቹ ክብደትና ከፍጥነታቸው ካሬ ጋር የተያያዘ ነው። የተለያዩ ጋዞች በተደባለቁ ጊዜም የከባዱም የቀላሉም ቅንጣት አማካይ የእንቅስቃሴ ኃይል እኩል ይሆናል። ዛሬ ይህ ሐሳብ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ተራ ትምህርት ነው። በዚያን ዘመን ግን ሙቀትን እንደ ረቂቅ ፈሳሽ የሚቈጥረው አስተሳሰብ ገና አልጠፋም ነበር፤ የጋዝ ቅንጣቶችም ባሉበት ሆነው እርስ በርስ የሚገፋፉ እንጂ በነጻ የሚሯሯጡ አይመስሉም ነበር።

ድርሳኑ ለሁለት መርማሪዎች ተሰጠ። አንደኛው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር ቤደን ፓወል ነበር። እርሱም ሥራው ብዙ ችሎታ እንደሚታይበትና ከታወቁ እውነታዎችና መለኪያዎች ጋር በሚያስደንቅ ሁኔታ እንደሚስማማ መሰከረ፤ ነገር ግን የተነሣበትን መሠረታዊ ግምት ለመቀበል እጅግ እንደሚያስቸግር ገለጸ። ሁለተኛው መርማሪ ከላይ የተጠቀሰው ሰር ጆን ላቦክ ነው። የላቦክ ፍርድ አጭር ነበር፤ ጽሑፉ ከንቱ ነገር እንደ ሆነና በማኅበሩ ስብሰባ ፊት ሊነበብ እንኳ እንደማይገባው ጻፈ። ላቦክ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ዕውቀቱ የተመሰከረለት፣ በመተዳደሪያው ግን የባንክ ሥራ የሚሠራ ሰው ነበር።

ማርች 5 ቀን 1846 የድርሳኑ አጭር መግለጫ ለስብሰባው ተነበበ፤ መግለጫውም በማኅበሩ የስብሰባ መዝገብ ላይ ወጣ። ዋናው ጽሑፍ ግን አልታተመም። በማኅበሩ ደንብ መሠረት በስብሰባ የቀረበ ጽሑፍ የማኅበሩ ንብረት ስለሚሆን ለባለቤቱ አልተመለሰለትም። ዋተርስተን ደግሞ ለራሱ ግልባጭ አላስቀረም ነበር። ስለዚህ በአንድ ውሳኔ የማተም ዕድሉንም የጽሑፉን ቅጂም አጣ።

የሄራፓዝ ጉዳይ በንጽጽር

ከዚህ ጉዳይ ከ25 ዓመት በፊት ጆን ሄራፓዝ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ፣ እርሱም በማስተማር ይተዳደር የነበረ ሰው፣ ስለ ጋዞች ተመሳሳይ ሐሳብ ለዚሁ ማኅበር በ1820 አቅርቦ ነበር። በወቅቱ የማኅበሩ መሪ የሆነው ኬሚስቱ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ሐሳቡን አልተቀበለውም። ሄራፓዝ ግን ጽሑፉን መልሶ ወስዶ በ1821 በሌላ መጽሔት አሳተመው። ቈይቶም በ1826 በጋዜጣ ደብዳቤዎች ዴቪን በብርቱ ነቀፈ።

የጋዜጣው ነቀፋ ለሐሳቡ ተቀባይነት አላስገኘለትም። የታተመው ጽሑፍ ግን ቀስ እያለ ሥራውን ሠራ። በ1848 ጄምስ ጁል በማንቸስተር ባቀረበው ጥናት የጋዝ ቅንጣቶችን ፍጥነት ያሰላው የሄራፓዝን ግምት መሠረት አድርጎ ነው። የዋተርስተን ሥራ ከሄራፓዝ ሥራ የበለጠ የተሟላ ነበር፤ ሆኖም በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ስለ ነበረ ማንም ሊገለገልበት አልቻለም። ልዩነቱ የመጣው ከማኅበሩ ፍርድ አይደለም፤ የሁለቱም ሥራ ተመሳሳይ ፍርድ አግኝቷል። ልዩነቱ የመጣው አንደኛው ጽሑፉን መልሶ በማግኘቱ፣ ሌላው ባለማግኘቱ ነው።

የድርሳኑ መገኘት

ዋተርስተን ጨርሶ ዝም አላለም። በ1851 ለብሪታንያ የሳይንስ ዕድገት ማኅበር የሐሳቡን አጭር መግለጫ አቀረበ። በ1858 ስለ ድምፅ ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ቀደም ሲል ለሮያል ሶሳይቲ ያቀረበውን ድርሳን ጠቀሰ። በዚህ መካከል በጀርመን ክሮኒግ በ1856፣ ክላውዚየስ በ1857፣ በብሪታንያም ማክስዌል በ1860 ተመሳሳይ ሐሳብ እያሳተሙ አዲሱን የዕውቀት ዘርፍ መሠረቱት። ዋተርስተን ወደ ኤዲንብራ ተመልሶ ብቻውን ምርምሩን ቀጠለ፤ ከሊቃውንት ማኅበራት ጋር የነበረው ግንኙነት ግን እየሻከረ ሄደ። በጁን 1883 ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም።

በ1891 የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ የነበረው ሎርድ ሬይሊ ስለ ድምፅ የተጻፉ ሥራዎችን ሲያነብ ያንን የ1858 ጽሑፍ አገኘ። በውስጡ የተጠቀሰውንም የቀድሞ ድርሳን ተከትሎ የማኅበሩን መዝገብ ቤት አስፈተሸ። ድርሳኑ ከ45 ዓመት በኋላ በቦታው ተገኘ። ሬይሊ የራሱን መግቢያ ጨምሮ በ1892 በ«ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» አሳተመው። በመግቢያውም ጽሑፉ በጊዜው አለመታተሙ የዘርፉን ዕድገት ምናልባት ከ10 እስከ 15 ዓመት ያህል እንዳዘገየው ገመተ። በሌላ በኩል ግን ገና ያልታወቀ ደራሲ ታላላቅ ግምቶችን ይዞ ከመነሣቱ በፊት ዋጋው በቀላሉ ሊታይ በሚችል መጠነኛ ሥራ ራሱን ቢያስተዋውቅ እንደሚሻለው መከረ።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

በመጀመሪያ መታየት ያለበት፣ የዋተርስተን ችግር የመልስ መዘግየት አለመሆኑ ነው። ደብዳቤ ከቦምቤይ ለንደን ለመድረስ ብቻ ከአንድ ወር በላይ በሚፈጅበት ዘመን፣ ማኅበሩ ጽሑፉን ተቀብሎ፣ አስመርምሮ፣ መግለጫውን ያስነበበው ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ነው። ጉዳቱ የደረሰው ከፍርዱ በኋላ ነው። መርማሪዎቹ አስተያየታቸውን የጻፉት ለማኅበሩ እንጂ ለደራሲው አልነበረም። የፓወል አስተያየት ውስጥ ለአንድ ደራሲ እጅግ የሚጠቅም ነገር ነበር፤ ይኸውም ውጤቱ ከእውነታ ጋር እንደሚስማማና አንባቢን የሚያሰናክለው መነሻው ብቻ መሆኑን የሚያመለክት ነው። ይህ ምክር እንደ ምክር ተዘጋጅቶ ለባለ ጽሑፉ ቢሰጥ፣ ድርሳኑም ቢመለስለት፣ መነሻውን አጠናክሮ እንደገና የሚያቀርብበት መንገድ ይከፈትለት ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ጽሑፍ ላኪው ያለ ክፍያ ከሚያገለግል መርማሪ የሚጠብቀው በልክ መሆን አለበት። መርማሪው ፈጣን መልስና ምስጋና ዕዳ የለበትም፤ የተገረመም አንባቢ እንዲሆን ሊገደድ አይችልም። ላኪው ግን በራሱ እጅ ያሉ ብዙ መከላከያዎች አሉት። ግልባጭ ማስቀረት፣ ርእሱን ከሚያነቡት ሰዎች ጋር ማገናኘት፣ ሰፊውን ሐሳብ በመጠነኛ ሥራ ማስተዋወቅ፣ የቀደመ ሥራውንም በሚቀጥለው ላይ በግልጽ መጥቀስ ይችላል። የዋተርስተንን ድርሳን ከመጥፋት ያዳነው እንግዲህ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሬይሊን ወደ መዝገብ ቤቱ የመራው ደራሲው ራሱ የተወው ጥቂት ቃል ነበር።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ተቀባዩ ወገን በነጻ ማገልገሉ ከኃላፊነት አያድነውም። ላቦክ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ያጠፋው ጊዜ አነስተኛ ነበር፤ ውጤቱ ግን የአንድን ሰው ዕድሜ የሚያክል ሆነ። ምክንያት የሌለው ፍርድ ለደራሲው የሚያርመው ነገር አይሰጠውም፤ ለተቋሙም ፍርዱ ትክክል መሆኑን የሚመዝንበት መንገድ አይተውለትም። ሆኖም የማኅበሩ በጎ ሥራም ሊዘነጋ አይገባም። የጣለውን ጽሑፍ እንኳ አላቃጠለም፤ መዝግቦ በሥርዓት አስቀመጠው። ለዚህም ሲል የቈየው መዝገብ ከግማሽ ምእት ዓመት ገደማ በኋላ የማኅበሩን የራሱን ስሕተት አረመ።

ማጠቃለያ

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ብሂል ለትዕግሥት ይጠቀሳል። ዕንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ግን የሚታቀፈው ሲያገኝ ብቻ ነው። ዋተርስተን በትዕግሥት አልተበለጠም፤ ያጣው ትዕግሥቱን የሚያፈራ ሥርዓት ነው። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱና በየተቋሙ የመምህራንን ጽሑፍ የሚቀበሉ የአዘጋጅ ኮሚቴዎችን የሚያቅዱ ሰዎች ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ጽሑፉ እንደ ደረሰ መመዝገቡንና ለላኪው ማሳወቅን፣ ሊዘገይ የሚችልበትን ጊዜ አስቀድሞ መንገርን፣ ላልተቀበሉት ጽሑፍ ምክንያቱን ባጭሩ ጽፎ ከጽሑፉ ጋር መመለስን፣ እንዲሁም የመርማሪውን ድካም በሥራ ክፍፍል ውስጥ መቍጠርን ያጠቃልላል። ከነዚህ አብዛኞቹ ተጨማሪ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም። እነዚህ ሲሟሉ ነው ላኪውን «ታገሥ» ማለት ተገቢ የሚሆነው።